አፍ የማያስፈልገው ካውያ

ካውያ ለመግዛት የወሰንኩት በቅናት ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ ግን ሌላ ምክንያት ነው የምሰጠው፤ የባለቤቴ የከሰል ካውያ ከበደኝ፣ ትንንሹን ጨርቅ ይጎትትብኛል፣ ክንዴን አሳመመኝ እላለሁ። ውሸትም አይደለም። ካውያው ከባድ ነው፣ ጨርቅም ይጎትታል። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ግን ኮምቦልቻ ድረስ ብቻዬን ወርጄ፣ ያንን ሁሉ አይቼ፣ ከሁሉ የባሰውን ይዤ አልመለስም ነበር።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው የማይገባባት ሱቅ ነበረችው፤ አሁን እኔ የምሠራባት እሷው ናት። ሲተኩስ ከጣሳ ውሃ ይጎነጭና በአፉ ጨርቁ ላይ ይረጨዋል። ውሃው እንደ ጉም ብን ብሎ ያርፋል፤ በላዩ ካውያውን ያስኬዳል። የቆዩ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ችግሩ ረመዳን ሲገባ ነው።

ለልብስ ሰፊ ከረመዳን የበለጠ የሥራ ጊዜ የለም። ለዒድ አዲስ ልብስ የማይፈልግ ልጅ የለም፣ የልጅ አባትም የለም። የጾመ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ውሃ በአፉ ይዞ መዋል ይፈራል፤ አንዲት ጠብታ ወደ ጉሮሮው ብታመልጥስ? እኔም ጿሚ ነኝ፤ ልረዳው አልችልም። ስለዚህ በረመዳን ውሃውን የምትረጭለት ከጣውላው ግድግዳ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ነበረች። ክርስቲያን ናት፤ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት፤ በዕድሜ እኩያዬ ናት። በእሷ ሁዳዴ ደግሞ፣ ቅዳሴ ወጥቶ እስክትቀምስ ድረስ፣ የሚረጭላት እሱ ነበር።

ሰኞ ገበያ ውስጥ ይህን እንደ ነውር ያየ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ይመሰገኑበት ነበር። እኔም ከሰው ጋር ሆኜ አመሰግን ነበር። አንድ ረመዳን ግን ዘንቢሌን ይዤ በሱቁ በር ሳልፍ ቆም ብዬ አየሁ። እሱ ነጭ ጀለቢያ በሁለት እጁ ወጥሮ ይዟል። እሷ ጉንጯን ነፍታ ጎንበስ አለች። ስትረጨው ጉሙ ጨርቁን አልፎ ፊቱን ነካው፤ እሱም ዓይኑን ጨፈነ። ይኸው ነው፣ ሌላ ያየሁት ነገር የለም። ያንን የዓይን መጨፈን ግን ይዤው ቤቴ ገባሁ።

በነጋታው የፕላስቲክ መርጫ ገዝቼ ወሰድኩለት፤ ፀጉር ቤት ያለው ዓይነት። ሁለት ጊዜ ሞከረውና «ይሄ ይደፋል እንጂ አይረጭም» ብሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። እሷ በግድግዳው ማዶ ሰምታ ኖሯል።

«እኔን በላስቲክ ለወጥሽኝ?» አለችኝ እየሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም።

ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አላህ ይዘንለት። የባል ሐዘኔን ጊዜ፣ ዒዳዬን፣ እንደጨረስኩ ሱቋን ከፈትኩ። ልብስ መስፋት እንደሱ አልችልም። እኔ የምችለው ከመቀሱ የተረፈውን ነው። በትዳራችን ዘመን ሁሉ የሱሪውን፣ የቀሚሱን፣ የጀለቢያውን ቁርጥራጭ እየለቀምኩ፣ በቅርጽ እየቆረጥኩ፣ አንዱን ከአንዱ ገጥሜ የአልጋ ልብስ እሠራ ነበር። አማቴ በሕይወት ሳሉ «ይቺ ደግሞ ድሪቶዋን ጀመረች» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ድሪቶዬን ሙሽሮች በስልክ ፎቶውን እያዩ ይፈልጉታል።

ሱቋ የባለቤቴና የታናሽ ወንድሙ የአባት ውርስ ናት። ወንድምየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኩሏል እንጂ። አንድ ቀን መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ፣ ጎረቤትሽ ሱቁን ለኔ ስጡ ብላለች። ግድግዳውን አንስታ ልታሰፋው ነው። አንቺ የምትሠሪበት ከሆነ የማንም አይደለም፣ ያንቺ ነው። ከፍቶ መቀመጥ ብቻ ከሆነ ግን ለምን?»

ከጣውላው ማዶ የስፌት መኪናዋ ይሰማኛል። ባሌ ዓይኑን የጨፈነባት ቦታ ላይ እሷ አልጋ አንጥፋ የምትተኛ መሰለኝ።

«ከሐርቡ ከተማ ሰው የያዝኩት ሥራ አለ» አልኩት። «የሙሽራ አልጋ ልብስ ነው። ሐሙስ ሳምንት ሳስረክብ መጥተህ እይ፤ ካልሆነልኝ ቁልፉን ያን ቀን ውሰድ።»

«ኢንሻ አላህ። ሐሙስ ሳምንት እመጣለሁ» ብሎ ሄደ።

ሥራውን ያዘዙኝ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ራሳቸው ሲዳሩ የለበሱትን ነጭ ነጠላ ቆርጠው «ይሄን መሀሉ ላይ አግቢልኝ፤ ሌላውን እንደወደድሽ» ብለው ሰጥተውኝ ነበር። ከዚያ ነጭ ዙሪያ ከመቶ የሚበልጥ ቁራጭ ይገጠማል። እያንዳንዱ ስፌት ከተሰፋ በኋላ ተከፍቶ ካልተተኮሰ ቀጣዩ ቁራጭ አይገጥምም፤ ጥቂቷ ስህተት ጠርዝ ላይ ስትደርስ ጣት ታህላለች። በከሰሉ ካውያ ስጀምር ሰያፍ የተቆረጡት ሁሉ ተለጠጡ። ሁለት ረድፍ ተርትሬ ጣልኩ።

እሷ በጣውላው ላይ አንገቷን አውጥታ ታየኛለች።

«ደረቁን ትተኩሺዋለሽ እንዴ? ስትጎትቺው እኮ ነው የሚለጠጠው። ነይ ልርጭልሽ።»

«አይሆንም።»

«ጾመኛ አይደለሽ፣ ጾመኛ አይደለሁ፤ ምን ትፈሪያለሽ?»

«ካውያ ልገዛ ነው» አልኳት። «ትንሽ፣ በእንፋሎት የሚሠራ። ራሱ ውሃውን ይዞ ራሱ የሚያተን። የማንም አፍ አያስፈልገውም።»

«መልካም» አለችና አንገቷን መለሰች። በዚያው ቀን ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ፣ ለሰላምታ የመጣው ሁሉ ስለ ካውያ የሚያውቀውን ነግሮኝ ሄደ።

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ደሴ ላይ የደረብኩትን ሹራብ ሚኒባሱ ውስጥ አወለቅሁ። ኮምቦልቻ ጠራራ ፀሐይ ነበር። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ በፌስታል የያዝኩትን ቁርጥራጭ ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩ፤ ጥጥ፣ ሳቲን፣ የሱሪ ጨርቅ። ባለሱቁ ጎልማሳ ነው፣ ጨዋታ ይወዳል። አንድ በአንድ እያሰካልኝ ሞከርኩ። አንዱን ጫፉ ደነዝ ነው ብዬ ተውኩ፤ የኔ ሥራ ጥግ ስለሚበዛው እንደ ምላስ ሹል መሆን አለበት። አንዱ የሚያተንበት ቀዳዳ ከኋላው ብቻ ነው፣ ጫፉ ደረቅ ነው። አንዱ ገመዱ አጭር። አንዱ ውሃው የት እንደደረሰ አይታይም። አንዱን በግራ እጄ ይዤ እስከ መቶ ቆጠርኩ፤ ክንዴ ሲዝል መለስኩት።

«እናት፣ ካውያ ነው ወይስ ምራት የምትመርጪው?» አለኝ።

«ምራትን ባሏ ይችላታል። ይሄን የምችለው እኔ ነኝ።»

ሳቀና ከባንኮኒው ሥር አንድ ካርቶን አወጣ። ውስጡ ካፌ ውስጥ የሚሰጡት ሲኒ የሚያህል ግራጫ ካውያ ነበር። መዳፌ ውስጥ ልክክ አለ። ጫፉ ሹል፣ ቀዳዳው እስከ ጫፉ፣ የውሃው ማጠራቀሚያ ብርጭቆ የሚመስል። ሳቲኑን አስነካሁት፤ ስፌቱ ሳይንቀሳቀስ ተኛ። ልቤ ወደደው።

«አንቺ ከሰኞ ገበያ ነሽ አይደል?» አለ ባለሱቁ። «አወቅሁሽ። አንዲት ግንባሯን የተነቀሰች ሴትዮ ባለፈው ክር ልትገዛ መጥታ፣ ግማሽ ቀን ስታደርቀኝ ውላ ይቺን መርጣ አስቀምጣለች። ‹አንዲት እህቴ ቁርጥራጭ በፌስታል ይዛ ትመጣለች፤ ሌላ እንኳ ብታምራት ይቺን ስጣት› ብላኛለች።»

ካውያው እጄ ላይ ጋለ እንጂ ሌላ ምን ልበል። እዚህም ቀድማኛለች። እኔ ወጥቼ ወርጄ የማገኘውን እሷ አስቀምጣልኝ፣ እኔ ደግሞ ተቀባይ!

«ይቺን አልፈልግም» አልኩ።

«አሁን ወደድኳት አላልሽም?»

«አላልኩም።» አላልኩም ነበር፤ በልቤ ነው ያልኩት። መደርደሪያው ላይ ሐምራዊ ቀለም ያለው፣ ሆዱ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ሌላ ትንሽ ካውያ ነበር። «ያንን ስጠኝ።»

«እናት፣ እሱ እኮ መልኩ ነው እንጂ ውሃ ይተፋል እያሉ የመለሱብኝ አሉ።»

«ይትፋ» አልኩት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልተፋም። ሰያፎቹ ገጠሙ፤ ረድፎቹ ቀጥ አሉ፤ በጣውላው ማዶ እንድትሰማ ብዬ እንፋሎቱን ያለ ሥራ ሁሉ እለቀው ነበር። ረቡዕ ቀን፣ ላስረክበው አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ በመጨረሻ የመሀሉን ነጭ እተኩስ ነበር። መብራት ሄደ። ካውያውን አቁሜ ጠበቅሁ። መብራት ሲመለስ ከደስታዬ ብዛት ቸኩዬ፣ እስኪግል ሳልጠብቅ ነጠላው ላይ አሳረፍኩት።

ካውያው ተፋ። ቡናማ ውሃ፣ ዝገት ያለበት። በሴትየዋ የሙሽርነት ነጠላ ላይ፣ እጅ የሚያህል።

«ያ አላህ!» ስል ራሴን ሰማሁ።

የስፌት መኪናዋ ቀጥ አለ። ወዲያው ደጃፌ ላይ ቆመች። ነጩን አየች፣ ካውያውን አየች።

«ይሄ አይደለም የመረጥኩልሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ባለሱቁ አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል።»

«ነግሮሽ ነው?» ዓይኗን አፍጥጣ ቆየችና ሳቀች። «በማርያም! በባል የሚቀና አይቻለሁ፤ በካውያ የሚቀና ግን ዛሬ አየሁ።»

ሄዳ ሎሚና ጨው ይዛ መጣች። ነጩን ሳህን ላይ ዘርግተን ሎሚውን ጨመቅንበት፣ ጨው ነሰነስንበት። ከዚያ የአልጋ ልብሱን እንዳለ አውጥተን ደጃፉ ላይ ሁለት ወንበር አስደግፈን ለፀሐይ ሰጠነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራ እንዳያገኘው ሁለታችንም ቀሚሳችንን ዘርግተን እንከልለዋለን። የሚያልፈው ሰው ገመድ የምንዘል መስሎት ይስቅ ነበር።

በመሀል ጠየቅኋት። ዓመታት ጉሮሮዬ ላይ የቆየ ጥያቄ ነው።

«ረመዳን ላይ ምን ትጫወቱ ነበር?»

«እኔ? አፌ ውሃ ሞልቶ ምን እጫወታለሁ? እሱ ነው የሚያወራው። ከመጀመሪያው ጀለቢያ እስከ መጨረሻው። ልጅነቱን፣ አባቱ ገበያ የወሰዱትን ቀን፣ ምኑን ልንገርሽ። ‹ደግ አድማጭ ሰጠኝ› ይላል። መመለስ ስለማልችል ነዋ!»

ባለቤቴ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ተፈጥሮው ነው እያልኩ ኖርኩ።

«ከማረፉ በፊትስ?» አልኩ። «በመጨረሻው ረመዳን?»

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር። እሱም ይጾማል፣ እሷም ትጾማለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ እሷ እስክትቀምስ ድረስ ካውያው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ከዘጠኝ እስከ ማፍጠሪያ ያለችውን ጊዜ ሁለቱ እየተጣደፉ ይሠሩ ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ ማፍጠሪያ ላይ ደክሞት ይመጣ ነበርና።

ቀሚሷን ለቀቀች። አቧራው ገባ።

«ስለ ሆዱ ነገረኝ» አለች።

«ምን?»

«ሆዱን እንደሚያመው። ደም እንዳየ። ውሃ በአፌ ነበር፤ ዋጥኩት። ሐኪም ቤት ሂድ አልኩት። ‹ዒድ ይለፍ፤ ቤት እንዳትናገሪ፣ ጾሟን አታበላሺባት› አለኝ። ዒድ አለፈ፣ ‹የሰው ልብስ ላስረክብ› አለ። ልነግርሽ ስንት ቀን በርሽ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ። ቃል አስገብቶኝ ነበር።»

እኔ የሰማሁት ከዒዱ ሁለት ወር በኋላ፣ ሐኪም ሲነግረኝ ነው። ስለዚህ ሞቱን እንኳ ቀድማኝ አውቃለች። እኔ ሻይ እያፈላሁለት፣ ለዒድ ምን ልልበስ እያልኩ ስጠይቀው፣ እሷ ታውቃለች። መቆጣት ነበረብኝ፤ ቀድሞ ቢነገረኝ ይተርፍ ነበር ብዬ መጮህ ነበረብኝ። ይህ ሐሳብ በኋላ መጣ፣ አሁንም ይመጣል። በዚያች ሰዓት ግን የተሰማኝ ቅናት ብቻ ነው። ያንን ነገር የተናገረበትን ድምፅ እሷ ሰምታዋለች፣ እኔ አልሰማሁትም።

ሱቅ ውስጥ ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግሁት። ሂጂልኝ ልላት ነበር። ግን ልብሱ ነገ ይወሰዳል፤ ወንድምየውም ነገ ለቁልፉ ይመጣል። ነጩ ሎሚው ታጥቦለት እርጥብና የተጨማደደ ነው፤ ለመተኮስ ሐምራዊውን ካውያ ከእንግዲህ አላምነውም። ጥቂት ቆሜ አሰብኩ። ብቻዬን አበላሽቼ ሱቁን ላጣ እችላለሁ፤ ወይም ልጠራት እችላለሁ።

የባለቤቴን ካውያ አውርጄ ከሰል አቀጣጠልኩበት። ሲፋፋም በሩን ከፈትኩ።

«ጣሳው ያውልሽ» አልኳት።

ጎነጨች። ልብሱን በሁለት እጄ ወጥሬ ያዝኩላት፣ እሷ ረጨች፤ ከዚያ ቦታ ተለዋወጥን፣ ካውያውን እሷ ያዘች። እኔ ስተኩስ እገፋው ነበር፤ እሷ ግን እያነሳች ታሳርፈዋለች፣ አትጎትትም። እሱም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ዓመታት አጠገቡ ቆማ ተምራው ነው፤ እኔ ባየሁ ቁጥር ፊታቸውን ነበር የማየው፣ እጃቸውን አንድ ቀን አላየሁም።

ሐሙስ ሴትየዋ ከሐርቡ መጡ። ወንድምየውም ከእሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ደርሶ ጥግ ይዞ ቆሟል። ልብሱን ገልብጠው ከውስጥ በኩል ስፌቱን በጣታቸው እየዳበሱ አዩ። ከዚያ መሀሉ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሎሚው ያልጨረሰው፣ እንደ ጥላ የሳሳ ቢጫ ነበር።

«ካውያ ተፋበት፣ እናቴ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በሉኝ፤ ካላስደሰተዎት አልወስድም ይበሉ።»

ወደ ብርሃኑ ይዘው ወጥተው አዩት።

«ወላሂ እኔስ ከዚህ የባሰ አድርጌበት ነው የሰጠሁሽ» አሉ። «እጥፋቱ ላይ ያለውን እድፍ አላየሽውም? ያንቺው ይሻላል። አተኳኮሱ ግን የሴት አይመስልም፤ እንደ ድሮ ልብስ ሰፊ ነው የተኛው። ለሁለተኛው ልጄም ትሠሪልኛለሽ።» ልብሱን አጣጥፈው መርቀውኝ ሄዱ።

ወንድምየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ እትዬ፣ ብቻሽን ትችያለሽ ማለት ነው?»

ከጣውላው ማዶ መኪናዋ ዝም ብሏል። እየሰማች ነው። አዎ ማለት እፈልግ ነበር፤ አዎ ብል ማንም አያስተባብለኝም፣ እሷም እንኳ።

«ብቻዬን አልችልም» አልኩት። «አተኳኮሱ የእሷ ነው። ሱቁ ግን የኔ ነው። ግድግዳውም አይነሳም።»

ለአፍታ ፈገግ አለ። «መልካም፤ አላህ ያበርታሽ» ብሎ ወጣ። መኪናዋ ሥራውን ቀጠለ።

ሐምራዊውን ካውያ ኮምቦልቻ መልሼ ግራጫውን አመጣሁ። ባለሱቁ እስኪበቃው ሳቀብኝ። መብራት ባለ ጊዜ በእሱ እሠራለሁ፤ መብራት ሲሄድ እሷን እጠራታለሁ፣ ወይም እሷ ሳልጠራት ትመጣለች። አንድ ነገር ግን በየቀኑ እጠይቃታለሁ፦ ሌላ ምን አለሽ? አንዳንድ ቀን ታስታውሳለች፤ አባቱ ገበያ የወሰዱት ቀን የበላውን፣ የመጀመሪያ ሱሪ ሲሰፋ አንዱን እግር ያሳጠረውን። አንዳንድ ቀን ደግሞ እኔን ደስ ለማሰኘት ከራሷ የምትጨምር ይመስለኛል። እሱንም እቀበላለሁ። ግን ስትጨርስ ሁልጊዜ ፊቷን አያለሁ፤ ለራሷ ያስቀረችው ነገር አለ፣ አውቃለሁ።